የወንድሜ ሽፋሽፍት ነጣ፤ ታዲያ ጀርባውን እዪ የተባልሁት ለምንድን ነው?

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ቤተሰቦች። ይህን ጥያቄ ከለጠፍሁ ሦስት ሳምንት ሆነው። መሀል ላይ የሚገባው ሁሉ ከላይ ሳያነብ ከምን ደረሰ እያለ ይጠይቀኛል። ስለዚህ ጥያቄዬንና የመጡትን መልሶች በየቁጥራቸው ልንገራችሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም። አንዳንዱ ስድብ አለበት፣ አንዳንዱ ደግሞ ግማሽ ገጽ ምርቃት ነው።

ጥያቄው

ደብረ ማርቆስ ኮፒ ቤት አለኝ፤ ጉርድ ፎቶም አነሳለሁ። ታናሽ ወንድሜ 13 ዓመቱ ነው። ቤተሰቦቻችን ስናን ወረዳ፣ ከጮቄ ግርጌ ናቸው። እሱ እኔ ጋ ሆኖ ይማራል። ለትምህርት ቤት መታወቂያ ፎቶ አነሳሁትና ሳትመው የግራ ዐይኑ ሽፋሽፍት መሀሉ ላይ ክፍት ሆኖ ወጣ። ቀለም የተደፈነ መስሎኝ ፕሪንተሩን ሁለት ጊዜ አጸዳሁ። ደግሜ አተምሁ። ያው ነው። በመጨረሻ ልጁን በር ላይ አውጥቼ በፀሐይ ሳየው ሽፋሽፍቱ አለ፣ ግን ነጭ ነው። ጥጥ። ቆጠርሁት፤ 11 ፀጉር፣ ሁሉም የላይኛው ቆብ ላይ፣ አንድ ቦታ። ግራና ቀኙ ጥቁር ነው። አያመውም፣ አያሳክከውም። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ብጠይቀው የራሱን ዐይን አይቶት እንደማያውቅ ነገረኝ። እውነቱን ነው፤ ቤታችን ያለው መስታወት የኔ ቦርሳ ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

የጠየቅሁት ይህን ነው። ይህ ነገር ምንድን ነው? የምግብ እጥረት? ለምጽ? ወይስ ነጩን ብነቅለው ጥቁር ይበቅላል?

መልስ 1

የደንበጫ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ልበላቸው። ከሰላምታው ብዛት መልሱን ለማግኘት ታች ድረስ ወረድሁ። እናትና አባቴን፣ ከብቱን፣ የዘንድሮውን ጤፍ ሁሉ ጠየቁ። ከዚያ ሽበት የዘር ነገር ነው፣ እሳቸውም በ25 ዓመታቸው ራሳቸው ነጭ ሆኖ ሰርጋቸው ላይ የሙሽራው አባት መስለው ነበር አሉ። ሳቅሁ። ግን ጋሼ፣ ልጁ 13 ዓመቱ ነው፣ ራሱም እንደ ቁራ ጥቁር ነው። 11 ፀጉር ብቻ መርጦ የሚያረጅ ሽበት አላውቅም።

መልስ 2

እንቁላል አብዪው፣ ተልባ አጠጪው አለች። የቢ 12 ቫይታሚን እጥረት ፀጉር ሊያሸብት እንደሚችል የጻፈችው ልክ ነው፤ በኋላ ነርሷም አጸደቀችላት። ግን እጥረት ቢሆን አንድ ጥግ ላይ አይቆምም ነበር።

መልስ 3

የብቸና ሰው ነው። ምን ያስጨንቅሻል፣ በወረንጦ ንቀይውና ይገላገል አለኝ። እናቱም አያቱም ወረንጦ በአንገታቸው አንጠልጥለው እንደኖሩ፣ ሽፋሽፍታቸውን እየነቀሉ መርፌ ላይ ክር ይሰኩ እንደነበር ጻፈ። ልቤ ወደዚህኛው አደላ። የኛም እናት ወረንጦዋ ከማተቧ ጋር ነው የሚውለው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ስትነቅል አይቻለሁ።

መልስ 4

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ለስላሳ ሰው። ወንድሜ እያለች፣ ሳታስቀይም፣ 3ን አረመችው። በኛ አገር ወረንጦ አንገት ላይ የወጣው በትራኮማ ምክንያት ነው አለች። ትራኮማ የቆቡን ውስጥ ደጋግሞ ያቆስለዋል፣ ጠባሳው ቆቡን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፣ ከዚያ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን እየፋቀ ያሳውራል። እናቶቻችን የሚነቅሉት የሚወጋቸውን ፀጉር ነው። እሱም ቢሆን የተነቀለው ቆርቆሮ ሆኖ ተመልሶ ስለሚወጋ መፍትሔው የቆብ ቀዶ ሕክምና ነው እንጂ ወረንጦ አይደለም። የኔ ወንድም ፀጉር ግን አልታጠፈም፤ ቀለሙን ነው ያጣው። ፀጉር ቀለም የሚቀባው ሥሩ ውስጥ ነው፣ ከቆዳ ከወጣ በኋላ የሚያጠቁረው የለም። ሥሩ ላይ ያለው ቀለም ሠሪ ህዋስ ከጠፋ ብትነቅዪው ከወር ተኩል ሁለት ወር በኋላ ያው ነጭ ነው የሚበቅለው። ሲደጋገም ደግሞ ጭራሹኑ ላይበቅል ይችላል።

ይህን ሳነብ ወረንጦዬ ጠረጴዛው ላይ ነበር። መሳቢያ ውስጥ ከተትሁት።

መልስ 5

3 ተመልሶ መጣ። እናቱን መሃይም እንዳስባላት ቆጥሮት ተቆጣ። ማንም እንዲህ አላለም። ስለ መንግሥት፣ ስለ ማዳበሪያ ዋጋም ጨመረበት። እዚህ ጋ ምን እንዳመጣው እሱ ይወቀው።

መልስ 6

የሞጣው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ይህ ለምጽ ነው፣ ገና ከዐይን ነው የጀመረው፣ ፊቱን ይወርሰዋል አለ። ትምህርት ቤት ሳይሰማ ደብቂው፣ እናንተም ዘራችሁን አጣሩ፣ እህት ካለችው ባል አታገኝም ብሎ ደመደመ። እህቱ እኔ ነኝ እንግዲህ።

መልስ 7

የቡሬዋ ሴት። እዚህ ላይ ነው መድረኩ የጋለው። ለምጽ እሷ ላይ 22 ዓመት እንደሆነው፣ ከእጇ ጣቶች ጀምሮ አፏ ዙሪያ እንደደረሰ ጻፈች። ገበያ ላይ እንጀራ ትሸጣለች። መጀመሪያ ሰሞን ሰው እጇን አይቶ እንጀራውን ሳይነካ ይመለስ ነበር። አሁን የለመዳት ከሩቅ ይጠራታል። ለምጽ አይተላለፍም፤ ባሏ 19 ዓመት አንድ መሶብ በልቶ ቆዳው ያው ቆዳው ነው። ሦስት ልጆቿ የለባቸውም። እሷ ላይ ሲወጣም ከዘሮቿ ማንም አልነበረበትም፤ አብዛኛው ለምጽ ያለበት ሰው እንዲህ ነው። ከዚያ በፊት ግን የታጨችለት ሰው ቤተሰቦች ሽማግሌ ልከው እጮኝነቱን አፍርሰዋል፣ ምክንያቱም እንደ 6 ያለ ሰው ጆሯቸው ውስጥ ገብቶ ነበር። ለሞጣው የጻፈችለትን የመጨረሻውን መስመር አልደግመውም። ይገባው ነበር።

መልስ 8

የቆሎ ተማሪ ነኝ ያለው ልጅ። አሁን ደብረ ኤልያስ አካባቢ ቅኔ ቤት ነው ያለው፤ ስልክ ከየት እንዳመጣ አልጠየቅሁትም። በትሕትና ገባ። ሰው ለምጽን የሚፈራው ከመጽሐፍ ነው፣ ስለዚህ መጽሐፉን በደንብ እንየው አለ። ዘሌዋውያን 13 ላይ ካህኑ የሚያየው አንዱ ምልክት ደዌው ያለበት ቦታ ላይ ያለው ፀጉር መንጣቱን ነው። ስለዚህ ቆዳ ላይ ያለን ነገርና የፀጉርን መንጣት አያይዞ ማየት ዱሮም ነበር። ግን እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ለምጹ ከራስ እስከ እግር ሙሉ ሰውነቱን ከሸፈነው ካህኑ ንጹሕ ነው ይለዋል። ዝቅ ሲል ደግሞ ልብስ ላይ ለምጽ ይወጣል። ምዕራፍ 14 ላይ የቤት ግድግዳም ለምጽ ይይዘዋል። ግድግዳ የሚይዝ ነገር የዛሬው የቡሬዋ እህታችን ለምጽ ሊሆን አይችልም፤ ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ የኤልሳዕን ሎሌ የግያዝን እርግማን በሰው ላይ አታውርዱ አለ።

እርግ! ብዬ ተቀመጥሁ። እንዲህ ያለ መልስ ከቅኔ ቤት ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም።

ከ9 እስከ 12

ወሬው ከእጄ ወጣ። አንዱ ሕክምና ላይ መጽሐፍ ቅዱስ ምን አገባው አለ። ሌላው ተማሪውን የዋሸራ ነህ የጎንጅ ብሎ ጠየቀው። ሦስተኛው የዋድላን ለምን ረሳህ ብሎ ገባ። ከዚያ የየትኛው ቤት ቅኔ ይበልጣል የሚለው 40 መስመር ሄደ። የወንድሜ ዐይን ተረሳ። እኔም አንብቤ አንብቤ ፎቶ ላነሳ የመጣ ሰው አስቆምሁ።

መልስ 13

ነርሷ መጣች። ባሕር ዳር እንደምትሠራ ብቻ ነው የነገረችን። ሰላም አላለችም። 12 ሰው አውርቶ አንድ ሰው እንኳ ልጁን ልብሱን አውልቆ አላየውም ወይ ብላ ነው የጀመረችው። ጥያቄዎቿን እንደ ጅራፍ አከታተለች። ዐይኑ ይቀላል? ብርሃን ይወጋዋል? ማየቱ ደብዝዟል? ራሱን አሞት ያውቃል፣ ጆሮው ውስጥ ይጮህበታል? ዐይኑን እንጨት ወይ ቀንድ ወግቶት ያውቃል? የዐይን ጠብታ ይጠቀማል? ፀጉሩ ላይ ሳንቲም የሚያህል መላጣ አለ? ከዚያ ደግሞ ሸሚዙን አውልቂና ጀርባውን እዪ፣ ዙሪያውን ነጭ ቀለበት የከበበው ጥቁር ነጥብ ካለ ንገሪኝ አለች።

ጥያቄዎቹን ለምን እንደጠየቀች ወረድ ብላ አስረዳች፤ ይህን ክፍል እባካችሁ አትዝለሉት። የሽፋሽፍት መንጣት ብቻውን በሽታ አይደለም፣ ምልክት ነው። ከሽፋሽፍቱ ጀርባ ያለው ነገር ብዙ ነው። ቆብ ለረጅም ጊዜ ሲቆስልና ቅርፊት ሲያወጣ ሊነጣ ይችላል። ላሽ፣ ማለትም ያ ሳንቲም የሚያህለው መላጣ፣ ያለበት ሰው ፀጉሩ ተመልሶ ሲበቅል መጀመሪያ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ለግላኮማ፣ ለዐይን ግፊት በሽታ ማለት ነው፣ የሚሰጡ አንዳንድ ጠብታዎች ሽፋሽፍትን ያስረዝማሉ፣ ያጠቁራሉ፤ አልፎ አልፎ ግን ያነጡታል። አንድ ዐይን ክፉኛ ሲወጋ ሌላው ዐይን በቁጣ የሚታመምበት በሽታ አለ፤ እሱም ያነጣል። የከፋው በሦስት ሐኪሞች፣ በአንድ ስዊዛዊና በሁለት ጃፓናውያን፣ ቮግት፣ ኮያናጊና ሃራዳ ተብሎ የሚጠራው ነው። እሱ መጀመሪያ ራስ ምታት፣ የጆሮ ጩኸትና የዐይን መደብዘዝ ያመጣል። ከሳምንታትና ከወራት በኋላ ነው ሽፋሽፍቱና ቆዳው የሚነጣው። ዐይኑ የቀላ፣ ማየቱ የደበዘዘ ሰው ካለ መድረክ ላይ አይጽፍም፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይሄዳል አለች።

መልስ 14

የብቸናው ነው፣ 3 ማለት ነው። ስለ ዐይን ስትጠየቅ ስለ ጀርባ የምታወራ ነርስ ብሎ ሳቀባት። ሰባት ሰው ወደደለት። እውነት ለመናገር እኔም ትንሽ ፈገግ ብያለሁ።

መልስ 15

ይህ የኔ ነው። ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር፣ በስልክ ብርሃን አየሁት። ከቀኝ ትከሻው በታች እናቴ ማርያም የሳመችው የምትለው ጥቁር ነጥብ አለ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ሳጥበው አየው ነበር። ምስር ታክላለች። ዙሪያዋን ግን ነጭ ቀለበት ከብቧታል፤ በኮምፓስ የተሳለ ነው የሚመስለው። መሀሉ ያለው ጥቁርም እንደ ዱሮው አይደለም፣ ቡኒ ሆኗል። እጄ ተንቀጠቀጠ። ልጁን አስፈቅጄ ነጥቧን ብቻ አንስቼ ለጠፍሁ። ማታውኑ 3 ሳቁን አጠፋው። ይቅርታ አልጠየቀም፣ ግን አጠፋው።

መልስ 16

ነርሷ ተመለሰች፣ ድምጿም ለዘብ አለ። ይህ ቀለበት ያለው ነጥብ የታወቀ ነገር ነው። ሱተን የተባለ አሜሪካዊ የቆዳ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1916 ጽፎበታል፣ በስሙም ይጠሩታል። ከመቶ ሰው አንዱ ላይ ሊታይ ይችላል፣ አብዛኛው በአፍላ ዕድሜ፣ አብዛኛውም ጀርባ ላይ። ጥቁር ነጥብ ማለት የቀለም ሠሪ ህዋሶች አንድ ቦታ መከማቸት ነው። አንዳንድ ጊዜ የሰውነት መከላከያ ክምችቱን እንደ ባዕድ ይቆጥረውና ይዘምትበታል። መጀመሪያ ዙሪያው ይነጣል። ቀጥሎ ነጥቡ እየፈዘዘ ይጠፋል። ከዚያ በወራት ወይም በዓመታት ቀለሙ ቀስ ብሎ ይመለሳል።

ሽፋሽፍቱ ምን አገባው ለሚለው የሰጠችው ምሳሌ ነው እስካሁን ከጭንቅላቴ ያልወጣው። ደቦ ወጥቶ የአንዱን ማሳ አረም የሚነቅል ሰው አስቡ አለች። አረሙን ነቅሎ ሲጨርስ ልማድ ሆኖበት ድንበር ይሻገርና የጎረቤቱን ጤፍም አረም መስሎት ይነቅላል። ነጥቡ ላይ ያለው ህዋስና ሽፋሽፍቱ ሥር ያለው ህዋስ አንድ ዓይነት ነው፤ መከላከያው መለየት አይችልም። ለምጽም የሚመጣው በተመሳሳይ መንገድ ነው። ለዚህ ነው ቀለበት ያለው ነጥብ ካላቸው ሰዎች የተወሰኑት ላይ ለምጽ የሚታየው። ነጥቡና የሽፋሽፍቱ መንጣት አብረው የታዩባቸው ልጆችም በሐኪሞች ተመዝግበዋል። ብዙ አይደሉም ግን አሉ።

የሞጣው በዚህ መሀል ገብቶ ታዲያ ለምጽ ነው ብዬ የለ ብሎ ተኩራራ። ቁጥር አልሰጠውም፤ ወዲያው በአስተባባሪዎቹ ተነሣ።

መልስ 17

ባሕር ዳር ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ነው። ቦብ ማርሊም በጥቁር ነጥብ ነው የሞተው፣ ቶሎ አስቆርጪው አለኝ። ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በ1997 ዓ.ም. ጥር መስቀል አደባባይ ለቦብ 60ኛ ልደት የተደረገውን ኮንሰርት በቴሌቪዥን አይቼዋለሁ። ሰውየው በምን እንደሞተ ግን አስቤው አላውቅም ነበር።

መልስ 18

ነርሷ፣ አሁንም ትንሽ ተናድዳ። ቦብ ማርሊ የሞተው ሜላኖማ በሚባለው የቆዳ ካንሰር መሆኑ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ነው የታወቀለት፣ እግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ነበር፣ ኳስ ሲጫወት የተጎዳው መስሎት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 በ36 ዓመቱ ሞተ። ግን ባለ ባጃጁ ሁለት ነገር አደባልቋል። እንደኛ ጥቁር ቆዳ ባለው ሰው ላይ ሜላኖማ ጥቂት ነው፤ ሲመጣ የሚመርጠውም ፀሐይ የማያገኘውን ቦታ ነው፤ የእግር መርገጫ፣ የእጅ መዳፍ፣ ጥፍር ሥር። በባዶ እግር የሚሄድ ሰው እሾህ ነው፣ ድንጋይ ነው እያለ ያሳልፈዋል። ስለዚህ ጀርባ ብቻ ሳይሆን መርገጫ እዩ።

ልጅ ላይ ያለ፣ ቀለበቱ እኩል የሆነ፣ መሀሉም ክብ የሆነ ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም። የሚያሳስበው ግማሹ ከግማሹ የማይመሳሰል፣ ጠርዙ የተቦጫጨቀ፣ ቀለሙ የተዥጎረጎረ፣ ከእርሳስ ላጲስ የሰፋ፣ በየወሩ የሚለወጥ ወይም የሚደማ ነጥብ ነው። አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ላይ ድንገት ቀለበት ከወጣ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሐኪሙ መላ ሰውነቱንና ዐይኑን ማየት አለበት፣ ምክንያቱም መከላከያው የተነሣሣው ሌላ ቦታ በተደበቀ ሜላኖማ ሊሆን ይችላል። ቆርጦ መጣል የሚባለው በሐኪም እጅ ብቻ ነው። በምላጭ፣ በፈረስ ጭራ የሚያስር ሰው ካለ እጁን ይሰብስብ አለች።

መልስ 19

ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፈ፣ የዳንግላ ልጅ። አጎቱ እዚያ ለሜላኖማ መከላከያን የሚያነቃቃ መድኃኒት ይወስዳሉ። በአምስተኛው ወር ቅንድባቸውና ሽፋሽፍታቸው በረዶ መሰለ። ቤተሰቡ አለቀሰ። ሐኪሙ ግን ደስ አለው፤ ለእንዲህ ያለ ታካሚ ቀለም መጥፋት መከላከያው ሥራ ላይ መሆኑን የሚያሳይ ጥሩ ምልክት ነው አላቸው። እሳቸውም አሁን የገና አባት እያሉ ልጆቹ ሲቀልዱባቸው ይስቃሉ። ለለምጽ እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደ ሩክሶሊቲኒብ የሚባል ቅባት እንዳለም ጻፈ፣ 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው።

መልስ 20

የቡሬዋ ዋጋውን ጠየቀች። አንድ መስመር ብቻ። ልጁ ነገራት። ስንት እንጀራ እንደሚሆን አስልታ ጻፈች፤ ቁጥሩን እዚህ ማስገባት አሳፈረኝ። ነርሷ ከታች እዚሁ አገር የሚገኙ ርካሽ ቅባቶችና የብርሃን ሕክምና እንዳሉ ነገረቻት። አንድ ነገርም አከለች። የለምጽ ቀለም ሲመለስ የሚመለሰው ከፀጉር ሥር ነው፣ እንደ ነጠብጣብ ሆኖ። ስለዚህ ቦታው ላይ ያለው ፀጉር ጥቁር ከሆነ ተስፋ አለው። ፀጉሩም ከነጣ ጓዳው ባዶ ነው፣ ይከብዳል። የቡሬዋ ክንዷ ላይ ያለውን ፀጉር በፀሐይ አየችውና ጥቁር ነው ብላ ጻፈች። ያ መስመር ላይ 60 ሰው ልብ ሰጣት።

መልስ 21

ኑዛዜዬ። ለማንም ያልነገርሁት ነገር ነበር። ጥያቄውን ከመለጠፌ በፊት ከአንድ ፋርማሲ ቅባት ገዝቼ ነበር። ልጁን አላሳየሁም፣ እነሱም ላሳይ አላሉኝም። አራት ቀን ማታ ማታ ቆቡ ላይ ቀባሁት። የትዩቡን ስም ጻፍሁ።

መልስ 22

ነርሷ እንዴት እንደተቆጣች ልነግራችሁ አልችልም። ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት ነው። ዐይን ቆብ ላይ ሲቆይ ዐይን ውስጥ ገብቶ ግፊት ያስነሣል፣ ሞራም ያመጣል፣ ቆዳውንም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ያሳሳዋል። ፊት ለማቅላት የሚቀቡት ሴቶች የሚቀቡት ይህንኑ ነው አለች። አራት ቀን ብዙ አይደለም፣ ግን ዛሬውኑ ጣዪው፣ ለሐኪሙም ሳትደብቂ ንገሪ። ጣልሁት። ሌላው ሰው ሁሉ እህቴ፣ እህት ዓለም ሲለኝ የሰነበተ ነው፤ በዚያ ሁሉ ማባበል ውስጥ ግን አንድም ሰው ምን ቀባሽው ብሎ አልጠየቀኝም።

ከ23 እስከ 26

ኩል። አንዷ እስኪድን ኩል ተኳዪለት አለች። ወንድ ልጅ ኩል ይኳላል ወይ የሚል ክርክር ተነሣ። የዱሮ ሰው ለዐይን መድኃኒት ብሎ ይኳል ነበር የሚል መጣ። ከዚያ ከጋሌና ድንጋይ የተፈጨ ኩል እርሳስ የተባለው መርዝ እንዳለበትና ለልጅ አእምሮ ጥሩ እንዳልሆነ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ ያለ ጻፈ። ማስካራ ይሻላል አለ። ወንድሜ ከጀርባዬ ቆሞ ሲያነብ ማስካራ የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ወጥቶ ሄደ።

መልስ 27

እናቴ። ማንበብ አትችልም፤ ረቡዕ ገበያ ስትወጣ ድምፅ ቀድታ ላከችልኝ፣ እኔ ጻፍሁላት። ማርያም የሳመችውን ሐኪም አይነካውም አለች። ግሽ ዓባይ ወስጄ ጠበል አስጠምቀዋለሁ፣ ከሳምሽው በኋላ ለምን ጠረግሽው ብላ ከእመቤታችን ጋር የተሟገተች ነው የሚመስለው። ድምጿ ሲሰበር ተሰማኝ። ለሰዉ ይህን አልጻፍሁም ነበር፣ አሁን ጻፍሁት።

መልስ 28

የቆሎ ተማሪው ነው ያስታረቀን። እማማ ብሎ ጀመረ። ሐኪሙ ነጥቡን አይቆርጥም፣ በመብራት ያየዋል እንጂ፤ ማየት ደግሞ ካህኑም በኦሪት ያደርገው የነበረ ነው፣ ሰባት ቀን ለይቶ ደግሞ ያይ ነበር አለ። ጠበሉም አይቀርም፣ ሐኪሙም አይቀርም። እናቴ ሁለቴ አስደገመችኝ። እሺ አለች፤ ግን መቁረጥ የሚባል ነገር ከሰማሁ እኔ ራሴ እመጣለሁ ብላ አስጠነቀቀች። ጋሼም ከደንበጫ ብቅ ብለው መረቁን።

መልስ 29

ውጤቱ። መንገድ ሲገኝ ባሕር ዳር ወጣን። የቆዳ ሐኪሙ በር ዘግቶ፣ ክፍሉን አጨልሞ፣ ሐምራዊ ብርሃን የሚሰጥ መብራት አበራበት። ቀለም ያጣ ቆዳ በዚያ ብርሃን ቦግ ብሎ ይታያል። የጀርባው ቀለበት እንደ ጨረቃ በራ። ግራ ቆቡ ላይ ደግሞ እኛ ያላየናት ትንሽዬ ነጭ ቦታ ተገኘች። ሌላ ቦታ የለም። መርገጫውን፣ መዳፉን፣ ጥፍሮቹን ሁሉ አየ። ዐይን ሐኪሟም ጠብታ አድርጋ ውስጡን አየች፤ ንጹሕ ነው፣ ግፊቱም ደህና ነው። ቅባቱን ነገርኋት። ቀና ብላ አየችኝና ዝም አለች። ከነርሷ ቁጣ ይልቅ እሱ አመመኝ።

አሁን የሚደረግ ብዙ ነገር የለም። ነጥቧን በየሦስት ወሩ ከጎኗ ማስመሪያ አስቀምጬ በአንድ ዓይነት ብርሃን ፎቶ አነሳታለሁ፤ እንግዲህ ሥራዬ ነው። ቀለበቷ ላይ ቀለም ስለሌለ ፀሐይ ቶሎ ያቃጥላታል፣ ከብት ሲጠብቅ ሸሚዙን እንዳያወልቅ ተነግሮታል። ለቆቡ ስቴሮይድ ያልሆነ ለስላሳ ቅባት ታዘዘለት። ሽፋሽፍቱ ግን ሊመለስም ላይመለስም ይችላል አሉን።

መልስ 30

ነርሷ አንድ ቃል። ጎበዝ። ከእሷ አፍ ይህ ምርቃት ነው።

መልስ 31

የብቸናው። እናቱን ሐኪም አሳይቷት ለቆብ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ እንደተሰጣት ጻፈ። ለ4 ነው የጻፈው፣ ስሟን ጠርቶ። እሷም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ፊቷን በንጹሕ ውኃ መታጠብ እንዳትተው ንገራት አለችው።

ከ32 እስከ 34

አንድ ሰው የወንድምሽን ፎቶ በኮምፒውተር ሽፋሽፍቱን አጥቁረሽ ማተም ትችዪ የለም ወይ አለኝ። ልጁን ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበና እንዳለ ይሁን አለ፤ መታወቂያውን ጥበቃው ሲያየው እኔ አይደለሁም እንዳይለኝ። ስለዚህ ነጭ ሽፋሽፍቱ እንዳለ ታተመ። 33 የጉርድ ፎቶ ዋጋ ጠየቀች። ነገርኋት። 34 ቅዳሜ ትከፍቻለሽ ወይ አለ። እከፍታለሁ፣ ግን ከምሳ በፊት ኑ፣ ከሰዓት መብራት ይጠፋል።